«ሌላስ?» ያለኝ አዝማሪ

ልጆቻችሁ የእናንተን ዘፈን ይወዱላችኋል? «አዎ» የምትሉ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ እዚሁ ላይ ትታችሁ ወደ ሥራችሁ ብትሄዱ ይሻላል፤ ከእናንተ ጋር የምነጋገረው ነገር የለኝም። እኔ የምጽፈው ለሌሎቻችን ነው። መኪና ውስጥ ዘፈን ከፍተን፣ ገና ማሲንቆው ድምፁን ሲያወጣ ከኋላ ወንበር «ማሚ፣ ፕሊስ» የሚል ነገር ለሚመጣብን።

ልጄ ብሌን ትባላለች፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዳ እዚያው አደገች። እኔ ደግሞ የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ወሎ ተወልዶ ማሲንቆ ሲሰማ ትከሻው የማይነቃነቅ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ካለም ሐኪም ይየው። ወንድሜ ከድሮ ካሴቶች ገልብጦ የላከልኝ አንድ ሲዲ አለኝ። መኪናችን አሮጌ ስለሆነች ሲዲ ማጫወቻዋ እስከ ዛሬ ይሠራል። ባለቤቴ ግርማ «እንቀይራት» ባለ ቁጥር ፊቴን የማጠቁርበት ምክንያት ይኸው ነው፤ እሱ ግን ለመኪናዋ ያዘንኩ ይመስለዋል።

ቅዳሜ ቅዳሜ አሌክሳንድሪያ ያለችው እህቴ ዘንድ እንሄዳለን። ሲዲው ከእኛ በር ጀምሮ እስከ እህቴ በር ይዘፍናል፤ እኔም አብሬው። ግርማ ከዜና በቀር በጆሮው የሚገባ ነገር የለም። ብሌን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ከኋላ ተቀምጣ፣ ጆሮ ማዳመጫዋን ሰክታ፣ በመስኮት ታያለች። ስለዚህ የምዘፍነው ለራሴ ነበር ማለት ነው። ቢሆንም አንድ ቀን ዞር ብላ «ማሚ፣ ይሄ ምን ይላል?» ትለኛለች ብዬ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ጥቂት ቆይታ ኮሌጅ ትገባለች። የእኔን ምግብ በግማሽ ልብ ነው የምትበላው፣ ቋንቋዬን በግማሽ አፍ ነው የምትናገረው፤ ይህንንም ዘፈን ሳትወስድ ከቤቴ ብትወጣ ምን ሰጠሁ እላለሁ? ይህ ነገር ያስጨንቀኝ ነበር፤ በቀልድ አይደለም።

ጭንቀቴ ላይ ጭንቀት የጨመረው የመንጃ ፈቃድ ነው። ብሌን የተለማማጅ ፈቃድ አወጣችና በየሄድንበት እሷ ካልነዳች የማይሆን ሆነ። እኔ ጎኗ፣ ግርማ ከኋላ። ልጃችሁ ቤልትዌይ በሚሉት ፈጣን አውራ ጎዳና ላይ ስትነዳ ጎኗ ተቀምጣችሁ የማታውቁ ሰዎች ጸሎት ታውቃላችሁ ብዬ አላምንም። እግሬ የሌለ ፍሬን ይረግጣል። የጭነት መኪና በጎናችን ባለፈ ቁጥር ሆዴን ወደ ውስጥ እስባለሁ፤ መኪናዋ በዚያው ልክ የምትጠብ ይመስለኛል።

አንድ ቅዳሜ፣ ራሴን ለማረጋጋት ብዬ፣ እጄን ወደ ሲዲው ሰደድኩ።

«ማሚ፣ ኖ» አለች ብሌን ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ። «ሙዚቃ የሚመርጠው ድራይቨሩ ነው።»

«ማን ያወጣው ሕግ ነው?»

«ኤቭሪባዲ ያውቀዋል።»

ዞር ብዬ ግርማን አየሁት። «እውነቷን ነው» አለኝ፤ ሃያ ዓመት አብሮኝ የኖረ ሰው።

የእሷ ዘፈን ተከፈተ። አንድ ሰውዬ፣ ማን እንደበደለው አላውቅም፣ ተናዶ በፍጥነት ያወራል። ከኋላው የሆነ ነገር ይደበደባል። እሷ ራሷን ትነቀንቃለች፤ እኔ ዳሽቦርዱን በሁለት እጄ ይዣለሁ። በመንገዳችን ያለው ድልድይ ላይ ስንደርስ ትዕግሥቴ አለቀ።

«ስሚኝማ» አልኳት። «እሁድ ከሰዓት አሌክሳንድሪያ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ አዝማሪ አለ። አንድ ጊዜ ብቻ ፊት ለፊት ስሚው። ካልወደድሽው ሲዲውን አወጣለሁ። መኪና ውስጥ ሁለተኛ አልከፍትም።»

«ኔቨር?»

«ኔቨር።»

«ከወደድኩትስ?»

«ከወደድሽው ቅዳሜ የእኔ ነው። ማንም ይንዳ ማን።»

ጓደኛዋን ካልያዘች የትም አትሄድም። «ሳሮንንም ካመጣሁ እሺ። ዲል?» ብላ ለመጨባበጥ ቀኝ እጇን ዘረጋችልኝ። «እጅሽን መሪው ላይ» ብዬ ጮህኩ። ውላችን በዚህ ዓይነት ታሰረ፤ ምስክሩ ግርማ ነው፤ ግርማ ደግሞ ለማን እንደሚመሰክር ከላይ አይታችኋል።

አሁን ወደ ሞኝነቴ ልምጣ። ሰው ዕድል ሲያገኝ ዝም ብሎ መቀመጥ አለበት። እኔ ግን መርዳት አለብኝ አልኩ። አዝማሪ የሚጣፍጠው ስለ እናንተ ሲዘፍን ነው፤ ስማችሁን ጠርቶ፣ አሞግሶ፣ ነካ አድርጎ ሲተው። ስለዚህ የምግብ ቤቱን ባለቤት ለምኜ ስልክ ቁጥሬን ለአዝማሪው አስተላለፍኩ። የምሠራው ክሪስታል ሲቲ አንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያው ላይ ነው። በምሳ ዕረፍቴ ሰዓት ደወለልኝ።

«እሁድ ልጄን ይዤ እመጣለሁ» አልኩት። «ስሟ ብሌን ነው። እንደው ስሟን ጠራ አድርገህ አንድ ሁለት ግጥም...»

«ምን ችግር አለ እህቴ» አለኝ። ድምፁ የሚያባብል ነው። «ሌላስ?»

«ትምህርቷ ላይ ጎበዝ ናት። ሒሳብ በተለይ።»

«ደስ ይላል። ሌላስ?»

ቀኑን ሙሉ «ክፍሌ በረደኝ፣ ፎጣ አነሰኝ» ስሰማ የምውል ሰው ነኝ። እንዲህ ቀስ ብሎ «ሌላስ?» የሚለኝ ሰው ካገኘሁ ስንት ዘመኔ። መኪና እየተለማመደች መሆኑን ነገርኩት። ሌላስ? ወደ ኋላ ስትወጣ የጎረቤታችንን የፖስታ ሣጥን ገጭታ መጣሏን ነገርኩት፤ አብረን ሳቅን። ሌላስ? የመንጃ ፈቃድ ፈተና ተፈትና፣ መኪናውን ወደ ኋላ ማቆም ላይ መውደቋን፣ መታጠቢያ ቤት ዘግታ ማልቀሷን፣ ለጓደኞቿ ግን «ፈተናው ተራዘመ» እንዳለቻቸውና ከእኔ በቀር የሚያውቅ እንደሌለ፣ ግርማ እንኳ እንደማያውቅ ነገርኩት። «አይ ልጅ» አለ በሐዘኔታ። የምሳ ዕረፍቴ አለቀ። ሳንድዊቼን ሳልበላ፣ ልቤ ግን ቅልል ብሎኝ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። አዝማሪ የነገሩትን ሁሉ ለግጥም እንደሚያውለው ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ግን በስልክ ሲሆን ሰው ይመስላል።

እሁድ ደረሰ። ሳሮን አብራን መጣች። የብሌን የልብ ጓደኛ ናት፤ ከአዲስ አበባ የመጣችው በዘጠኝ ዓመቷ ስለሆነ አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። ይህን ልብ በሉልኝ። ክትፎ አዘዝን፣ ለብሌን ጥብስ። ቤቱ ሞልቷል። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ገባ፤ ጠይም፣ ፈገግተኛ ሰው ነው፤ አየኝና ራሱን ዝቅ አደረገ። ብሌንን ሰረቅ አድርጌ አየኋት። ስልኳን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለች። ጥሩ ምልክት ነው አልኩ።

ሁለት ሦስት ጠረጴዛ ዞሮ፣ ሰውን አስቆ፣ እኛ ፊት መጣ።

«ብሌን ብሌን ይላል ያገሩ ሰው ሁሉ፣
የዓይን ብሌን እንጂ ሌላ ምን ይበሉ።»

እልል ተባለ። ብሌን ቀላች። «ማሚ፣ ምን አለ?» አለችኝ በጆሮዬ። «ቆንጆ ነሽ አለ» አልኳት። ፈገግ አለች። አምላክ ያውቃል፣ በዚያች ደቂቃ ቅዳሜዬን በእጄ የያዝኩ መስሎኝ ነበር።

ቀጥሎ ሒሳብ ችሎታዋን አወደሰ። አስተማሪዋን ቁጭ አድርጋ ትፈትነዋለች አለ። ግርማ እንኳ አጨበጨበ። ቀጥሎ መኪና መለማመዷን አነሳ፤ መንገዱ ሁሉ ይለቀቅላት አለ። ይህን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ። ስሟ፣ ሒሳቡ፣ መኪናው። ሰውዬው እኔ በነገርኩት ቅደም ተከተል ነው የሚሄደው። ጣቴን ከጠረጴዛው ሥር እያጠፍኩ አሰብኩ። ከመኪናው በኋላ ምን ነበር ያልኩት?

«መንገዱ ሰፊ ነው መኪናውም ደኅና፣
የጎረቤት ሣጥን ምን አደረገና።»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ሳሮን አፏን በናፕኪን ያዘች። «ምን አለ?» አለች ብሌን። «መንገዱ ሰፊ ነው አለ» አልኳት፤ ያልኩት ውሸት አይደለም። ሳሮን ናፕኪኑን ሳታወርድ በዓይኗ አየችኝ። ከሣጥኑ ቀጥሎ ያለው ፈተናው ነው።

«አስቁመው» አልኩት ግርማን።

«ምኑን?»

«አዝማሪውን። አሁኑኑ።»

ግርማ ጥሩ ሰው ነው፤ የታዘዘውን ይሠራል፤ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ተነሣ፣ ከኪሱ ብር አወጣ፣ ሄዶ አዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፈለት። እንግዲህ የኔ ባል አገሩን እንዴት እንደረሳው ተመልከቱልኝ። አዝማሪ ሲሸለም ምን ያደርጋል? ይብስበታል። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አመሰገነ፣ ክሩን ጠበቅ አደረገ፣ ወንበር ስቦ ፊታችን ተቀመጠ። ግርማ ሥራውን እንደ ጨረሰ ሰው ተመልሶ ክትፎውን መብላት ቀጠለ።

የቀረኝ አንድ መንገድ ነው። ግጥም ሰጥቼ ወደ ሌላ ነገር መውሰድ። እጄን አነሣሁና «ተቀበል» አልኩ።

ቤቱ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አዝማሪው ደጋኑን አንሥቶ ይጠብቀኛል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ግጥም ሲያፈሱ ካደሩ ሰዎች ነው የተወለድኩት። ግን አንድም ነገር አልመጣልኝም።

«አሌክሳንድሪያ ላይ ዛሬ ፀሐይ ነው» አልኩ።

«እሺ» አለ አዝማሪው።

ሁለተኛውን መስመር ከየት ላምጣ? ብሌን አየችኝ፣ ሳሮን አየችኝ፣ አስተናጋጇ ሳይቀር ትሪ ይዛ ቆመች።

«ክትፎውም... ደህና ነው» አልኩ።

እግዜር ይስጠው፣ ምንም ሳይል ተቀበለው። አሳምሮ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ሰው የሞተ በሚያስመስል ዜማ «ክትፎውም ደህና ነው» እያለ ዘፈነልኝ። ከጓዳ ሁለት ሰዎች ወጥተው አዩኝ። ከዚያ አዝማሪው ምራቁን ዋጠና ወደ ጀመረው ጉዳይ ተመለሰ።

«ወደ ፊት ስትነዳ ማነው የሚችላት፣
ወደ ኋላ ሲሏት ፈተናው ነው የጣላት።»

ሰው ሳቀ። የኛ ጠረጴዛ ብቻ አልሳቀም። ሳሮን ናፕኪኑን አስቀመጠችና ቀስ ብላ ወደ ብሌን ዞረች። ግርማ የጎረሰውን ሳያላምጥ እኔን አየኝ።

«ማሚ» አለች ብሌን። በጣም ዝግ ያለ ድምፅ ነው። «አሁን ምን አለ?»

አፌን ከፈትኩ። «ስትነጂ ማንም አይችልሽም አለ...»

«ኖ» አለች። «ወደቀች ነው ያለው። ቅድምም ሜይልቦክሱን ገጨች ነው ያለው። ሁሉንም ሰምቻለሁ። አንቺን የጠየቅኩሽ እውነቱን ትነግሪኝ እንደሆነ ለማየት ነው።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ተነሥታ ትወጣለች ብዬ ቦርሳዬን ያዝኩ። መኪናው ውስጥ ምን እንደምላት ማሰብ ጀመርኩ። እሷ ግን አልወጣችም። ጉንጯ እንደ ቀላ ወደ አዝማሪው ዞረች።

«ተቀበል» አለች።

ይህን ቃል ማን እንዳስተማራት አላውቅም። አዝማሪው ደነገጠ፤ ከዚያ ፊቱ በራ። ደጋኑን አነሣ። ብሌን በዚያ «ር»ን በሚያንከባልል የሲልቨር ስፕሪንግ አማርኛዋ፣ ቃል በቃል እየለቀመች፣ እንዲህ አለች፦

«እናቴ መኪና ውስጥ ሁሌ ትዘፍናለች፣
ቀይ መብራት ሲበራ ዓይኗን ትጨፍናለች።»

አንዲት ሴትዮ ከጀርባዬ እሪ አለች። አዝማሪው ግጥሙን ሲቀበለው ማሲንቆው ራሱ የሚስቅ ይመስል ነበር። ግርማ ሳል ያዘው፤ ሳል አልነበረም። አላበቃችም። ጣቷን አነሣች።

«ፈተናውን፣ እሺ፣ እኔ ወድቄአለሁ፣
እሷ እንዴት እንዳለፈች እጠይቃለሁ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በደንብ አላስታውስም። ሰው ቆሞ ያጨበጭባል፤ የማላውቃቸው ሰዎች ልጄን ግንባሯን ይስሟታል፤ አዝማሪው «እሷ እንዴት አለፈች» እያለ በየጠረጴዛው ይዞራል፤ ሳሮን ብሌንን አቅፋ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። እኔ መሀል ተቀምጬ ተናድጄ ነበር። ኮርቼም ነበር። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ፊቴ ምን እንደሚመስል ግርማ በስልኩ አንሥቶታል፤ እንዲያጠፋው እስካሁን እየለመንኩት ነው።

ስንመለስ ብሌን ነዳች። ሳሮንን ቤቷ አድርሰን እስክትወርድ ድረስ ያው ሳቅ ነበር። በሩ ሲዘጋ ሳቁም ተዘጋ።

«‹ተቀበል› ማለትን ከየት ተማርሽ?» አልኳት፤ የምናገረው ሲጠፋኝ።

«ሲዲው ላይ ነዋ። ሰውየው ሁልጊዜ ‹ተቀበል› ይባል የለ?»

«ጆሮሽ ላይ የምትሰኪው ነገርስ?»

«ሁሌ አይበራም» አለች። ከዚያ መስተዋቱን አይታ መስመር ቀየረች። «ማሚ፣ ስለ ፈተናው የነገርኩት ለአንቺ ብቻ ነበር።»

«አውቃለሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ። እንድትወጂው ብዬ ነው።»

«ለማታውቂው ሰው ኮል አድርገሽ መታጠቢያ ቤት አለቀሰች አልሽው?»

«እሱን እንኳ አልዘፈነውም» አልኩ። ግርማ ከኋላ ሆኖ «ዝም በይ» ሲል ሰማሁ፤ በዚያ ቀን የተናገረው ብቸኛው ጠቃሚ ነገር ነው።

ቤታችን በር ላይ መኪናዋን አቆመችና ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል። «ደስ አላለኝም» አለች። «ዲል ኢዝ ዲል።»

ደስ ሲላት አይቻለሁ ብዬ ልከራከር እችል ነበር። እንዲያውም ግማሽ ቤት ሰው ምስክር አለኝ። ግን የተናገረችው ስለ ዘፈኑ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ሲዲውን ከማጫወቻው አወጣሁ፣ በሽፋኑ ከተትኩ፣ ኩሽና መሳቢያ ውስጥ፣ ከቻይና ምግብ ጋር የሚመጡ፣ ማንም የማይፈልጋቸው የአኩሪ አተር መረቅ ከረጢቶች መሀል አስቀመጥኩት።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ሲመጣ ያ የተናደደ ሰውዬ ከበራችን እስከ እህቴ በር ያወራልናል። እኔ ቃሌን ጠብቄ በመስኮት አያለሁ። ብሌን ትመልስልኛለች፣ ትስመኛለች፣ ግን አዲስ ነገር አትነግረኝም። ትምህርት ቤት ምን ሆነ ስላት «ምንም» ትላለች። ከሲዲው ይልቅ እሱ ነበር የሚያመኝ። «ሌላስ?» ማለት አማረኝ፤ አፌ ግን አልደፈረም።

በሁለተኛው ፈተናዋ አለፈች። ወደ ኋላ አቁማ። የነገረችኝ በስልክ ነው፤ መጀመሪያ የደወለችው ለእኔ ነበር፤ ሆቴሉ ውስጥ እንግዳ ፊት ዘለልኩ። ከዚያ ቁልፉን እየወሰደች ብቻዋን መንዳት ጀመረች፤ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ሳሮን ቤት። እኔ በመስኮት እያየሁ እግሬ ምንጣፉ ላይ ፍሬን ይረግጣል።

አንድ ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ልሄድ መኪናዋን አስነሣሁ። ማሲንቆ ፈነዳብኝ። ከፍ ብሎ ነበር ማለት አይበቃም፤ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ዘፈኑ ከመሀሉ ነው የጀመረው፣ ሰው ሲወርድ ካቆመበት። ሞተሩን ሳላጠፋ ወደ ቤት ተመልሼ ሮጥኩና መሳቢያውን ከፈትኩ። ሽፋኑ አለ፤ ውስጡ ባዶ ነው።

ልቀስቅሳት? ጫማዬን እንዳደረግሁ ከክፍሏ በር ላይ ጥቂት ቆምኩ። ለሰው ያልነገረችው ነገር ነው። ይህን ያህል ከአዝማሪው ቤት ተምሬያለሁ። ተመልሼ ወጣሁ።

ውሉ ሁለተኛ አልከፍትም ነው የሚለው። እኔ ቁልፍ አዞርኩ እንጂ ምንም አልከፈትኩም። ስንተኛው ዘፈን ላይ እንደነበረ ቁጥሩን አየሁት፤ ሆቴሉ ስደርስ እዚያው መልሼው እንደምወርድ ለራሴ ቃል ገባሁ፣ ሳትጠረጥር እንድትቀጥል። መንገዱ ገና አልተጨናነቀም ነበር። ሰውየው «ተቀበል» ሲባል ሰማሁ፤ ተቀበለ።

ከኋላዬ ያለው መኪና ክላክሱን እያከታተለ ነፋብኝ። አረንጓዴ ከበራ ቆይቷል። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።